ከአኮፋዳ እስከ ታክሲ

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ ከተደረጉት ንግግሮች አንዱ)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ደውሎ «መድረኩ ላይ ይውጡልን» ሲለኝ ጸሎት አሳርግ የተባልኩ መስሎኝ «ለጸሎትማ ካህናቱ አሉ» ብዬ ነበር። «የለም፣ እርስዎ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ብቻም ኖረዋል፤ በእንጀራ ሥራ ብቻም ኖረዋል፤ ወደ ኋላ ዞር ብለው ሲያዩት የቱ እንደሚሻል ለልጆቹ ይንገሩልን» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ መሪጌታ ገና ጉሮሮውን አይጠርግም፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የአገር ቤቱን በእኛ፣ የአሜሪካውን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ። ዕድሜዬም እንደዚሁ በሁለት ካላንደር የተከፈለ ነው።

የተወለድኩት በ1946 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የምጠብቃቸውን ፍየሎች ለታናሽ ወንድሜ ትቼ፣ ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር በሌሊት ጠፋሁ። ያን ጊዜ ለትምህርት የሚወጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ እንደ ሌባ ነው የሚወጣው። እናት ካየች አትለቅም። ንብረቴ አንድ ደበሎ፣ አንድ አኮፋዳና አንድ ዱላ ነበር። ዱላው ለውሻ ነው። የቆሎ ተማሪ የነበራችሁ ካላችሁ፣ እዚህ መሐል ሁለት ሦስት እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ በቀኝ እግራችሁ ባት ላይ ያለውን ጠባሳ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ዲግሪያችን እሱ ነው።

በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ለምኜ ቁራሽ አመጣለሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር ተካፍለን እንበላለን። ዳዊት ደገምኩ፤ ጾመ ድጓ ተማርኩ፤ ከዚያ ቅኔ ቤት ገባሁ። ስለ ቅኔ ቤት ትንሽ ላውራ፤ ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ። ሌሊት ግሱና አገባቡ ይነገራል። ቀን ተማሪው ሁሉ በየጥሻው፣ በየዛፉ ሥር ተበትኖ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። አላፊ መንገደኛ ቢያየው የታመመ ወይም የተኛ ይመስለዋል። ማታ የቆጠረውን ይዞ ለየኔታ ይነግራል። የሚጀመረው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ነው፤ እያደገ ሄዶ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያዬን ጉባኤ ቃና ስነግር የኔታ ዝም ብለው ቆዩና «ሰሙ ከብዶ ወርቁን ውጦታል፤ ተመለስና ቁጠር» አሉኝ። ሦስት ቀን ጫካ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን የነገርኳቸውን ሰምተው ምንም አላሉም። ከየኔታ ዝምታ ማለት ምርቃት ነው። አብሾ ጠጥተህ ነው ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ አልጠጣሁም፤ ጠጥቼ ቢሆን ኖሮ ኋላ የምነግራችሁ ነገር ላይደርስብኝ ይችል ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ደብር ከደብተሮቹ ጋር ቆሜ ማኅሌት ማገልገል ጀመርኩ፤ እየተመላለስኩም የየኔታ አስነጋሪ ሆንኩ፤ ማለት ታናናሾቹ ለሳቸው ከመንገራቸው በፊት ለእኔ ይነግራሉ። እዚህ ላይ ወጣቶቹ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ነገር አለ። «ሙሉ ጊዜውን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠ» የሚባለው አነጋገር ለእኔ እዚህ አገር የተማርኩት ነው። በዚያ ዘመን በእኛ ደብር ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ መሬት ነበረው፤ መሬቱም ለአገልጋዮቹ ተደልድሎ ነበር። ቀዳሹ የቅዳሴውን፣ ደብተራው የድብትርናውን ድርሻ ይዞ፣ ሰሞኑን እያገለገለ ከመሬቱ ይበላል። ቄሱ ሲነጋ ይቀድሳል፤ የሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ ረፋዱ ላይ በሬውን ጠምዶ ያርሳል። ደብተራው ብራና ይዳምጣል፣ መጽሐፍ ይደጉሳል፣ ልብስ ይሰፋል፤ ክታብ የሚጽፍም ነበረ፣ እሱን እንተወው። በገዳምም ቢሆን መነኩሴው ሰሌን ይታታል፣ ያርሳል፣ ይፈጫል። እንግዲህ «ቄስ እንዴት ታክሲ ይነዳል?» እያሉ የሚያሙ ሰዎች፣ የአያታቸው ንስሐ አባት ሞፈር ተሸክመው ሲሄዱ ያላዩ ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተባለ፤ የቤተ ክርስቲያንም መሬት አብሮ ሄደ። አዋጁን ልነቅፍ አልመጣሁም። የእኔን ድርሻ እኩል የሚያርስልኝ ሰው በዚያ ዓመት እህሉን በሙሉ ወደ ጎተራው አስገባ። ደስ ሊለው ይገባል፤ ላቡ የሱ ነው። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ በያዝኩት አኮፋዳ ፊት በሃያ አንድ ዓመቴ እንደገና ቆምኩ። ከአዋጁ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲ ተደንግጎ ነበር፤ አገልጋዩን ምእመኑ በአስተዋጽኦ ይያዘው ነው ነገሩ። ከተማ ላይ ሠርቷል። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ የሰበካው ሣጥን ውስጥ ከሻማ መግዣ የተረፈ ገንዘብ አይቼ አላውቅም።

የኔታ አርጅተው ነበር፤ ዓይናቸውም ደክሟል። በ1968 ዓ.ም. ጾመ ሁዳዴ መጨረሻ ላይ ጠርተውኝ «ወንበሩን ተረከበኝ» አሉኝ። ትልቅ ክብር ነው። ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው መምህር ምን እንደሚበላ እሳቸውም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «እሺ» አልኩ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ፣ ሌሊት፣ ሳልሰናበታቸውና ሳይመርቁኝ ወጣሁ። በሕይወቴ ሁለት ጊዜ በሌሊት ጠፍቻለሁ፤ በዘጠኝ ዓመቴ ወደ የኔታ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ከየኔታ።

የቀጠለውን ባጭሩ ላሳልፈው። ከተማ ገብቼ በልብስ ስፌት መኪና ተቀመጥኩ። በ1973 ዓ.ም. በመተማ አድርጌ ሱዳን ገባሁ፤ ገዳሪፍ ላይ ሦስት ዓመት ሰፋሁ። እ.ኤ.አ. በ1984 እዚህ ዋሽንግተን መጣሁ። አመጣጣችንን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የፓርኪንግ ካሸርነት ነው። ከመሬት በታች፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቆርጣለሁ። ሌሊት መኪና ከሌለ የማውቀውን ዜማ እልለት ነበር። ምድር ቤቱ ድምፅ ያስተጋባል፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ የተሻለ የማኅሌት ቤት አሜሪካ ውስጥ አላገኘሁም።

እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ሕዝቡ በዛ። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ስሙን አልጠራውም፣ ከፈረንጆች አዳራሽ ተከራይቶ ከሰዓት በኋላ ይገለገል ነበር። ካህኑ ራሳቸው ሌሊት ጋራዥ ውስጥ ይሠራሉ። ማኅሌት የሚመራ፣ ልጆች የሚያስተምር፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ተባለና ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። «ፓርኪንጉን ይተዉትና ሙሉ ጊዜዎን ከእኛ ጋር ይሁኑ» አሉኝ። የወር አበሉ 900 ዶላር ነበር፤ በፖስታ። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ትሠራ ስለነበር የጤና ኢንሹራንሱ በሷ በኩል ነበረን። እሷ «የአንተን የኔታ ዕዳ እኔ ነኝ እንዴ የምከፍለው?» አለችኝ፤ ሳቀች፤ ግን እሺ አለች። እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ጀመርኩ።

ያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያየሁትን መልካም ነገር ሳልናገር ክፉውን ብናገር ኃጢአት ነው። ቢፐር ገዝተው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። ቢፐሩ ሌሊት ሲጮኽ ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ባልና ሚስት ተጣልተዋል፣ ወይ ከአገር ቤት መርዶ መጥቷል። መርዶ የሚነገረው ሊነጋ ሲል ስለሆነ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ቤት ደጃፍ ላይ ከጎረቤት ጋር ተሰብስቤ እንደቆምኩ አልቆጠርኩትም። አንዲት እናት ሆስፒታል ተኝተው ሐኪሙ የሚላቸውን ሳይሰሙ ሁለት ቀን አደሩ። እኔ በዚያ በተሰበረ እንግሊዝኛዬ ገባሁና «ቀዶ ጥገናው ነገ ነው፤ የሚወጣው ሐሞት ከረጢትዎ ነው» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ እኔማ ልቤን ሊያወጡት መስሎኝ ነበር» ብለው አለቀሱ። ፓርኪንግ ውስጥ ብሆን ኖሮ ማን ነበር በማክሰኞ ቀን በአራት ሰዓት እዚያ የሚገኘው? የእንጀራ ሥራ የያዘ ሰው ቅዳሜና እሑድ ደግ ነው። ኀዘንና ሕመም ግን ማክሰኞም ይመጣሉ። ለአንድ ሕዝብ አንድ ሰው ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥበት ምክንያት ለእኔ ይኸው ነው፤ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም።

ልጆቹም ነበሩ። ሦስት ሆነው የተጀመረው ክፍል ሃያ ደረሰ። ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ያጠናች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ፊደሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ ነው ያጠናችው። ተቆጣኋት። ዛሬ ብትሆን አልቆጣትም ነበር።

አሁን ወደማልወደው ክፍል መጣሁ። አበሉ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ይጸድቃል። እኔና ባለቤቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብለን፣ «መሪጌታ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው የሚሠሩት?» ተብሎ እጅ እየተወጣ ይጠየቃል። አንዱ «እኛ ሁለት ሥራ እየሠራን ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሌላው «አገልግሎት በነፃ ነው የተባለው» ይላል። የሱም መጽሐፍ አለው። እኔ በልቤ የቢፐሩን ጩኸት ሰዓት እደምራለሁ። ይህ ግን ንቀት ነው እንጂ ጉዳት አይደለም። ጉዳቱ ሌላ ነው።

አንድ ጉባኤ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ሕንፃ መግዣው ገንዘብ አቆጣጠር ጠየቁ። በትሕትና ነው የጠየቁት፤ ወረቀት ይዘው። ከፊት ከተቀመጡት አንዱ «ቤተ ክርስቲያንን ሌባ ሊሉ ነው?» ብሎ ጮኸባቸው፤ አዳራሹም ተከትሎ ጮኸ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ሒሳቡ ሲቆጠር ከቆጣሪዎቹ ጋር ነበርኩና ጥያቄያቸው ተገቢ መሆኑን አውቃለሁ። የሰረቀ ሰው አላየሁም፤ ግን አጻጻፉ ልክ አልነበረም፤ እሱን ብቻ ብናገር ይበቃ ነበር። በዚያ ሳምንት የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበር። ፖስታውን የሚሰጡኝ ደግሞ ከፊት የተቀመጡት ናቸው። ዓይኔን ወደ ወለሉ አደረግሁ። የዚያን አዳራሽ ወለል ዛሬ ሳሉት ብትሉኝ እስከ ስንጥቁ እሥልላችኋለሁ።

ሽማግሌው ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ስልክ አንሥቼ ዘግቻለሁ። ከልጆቻቸው አንዷ ይህን በዓል ከምናከብረው መካከል ስላለች አስቀድሜ ቤቷ ሄጄ ነግሬያት፣ ፈቅዳልኝ ነው ዛሬ የተናገርኩት።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 አገልግሎቱን ለቀቅሁ። ሰበቤ ልጆቼ ናቸው አልኩ። ልጆቼም ነበሩ፤ ሁለተኛዋ ጥርሷን ማሳሰር ነበረባት። ግን ዋናው ምክንያት ያ ወለል ነው።

ከ1998 ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነዳሁ። ያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ሜትር አልነበረም፤ ከተማው በዞን ተከፍሎ ስንት ዞን እንዳለፍክ ነው የሚከፈለው። እስከ 2008 እንደዚያው ነበር። ዞኑን ለተሳፋሪ ማስረዳት አንድን ተማሪ አገባብ ከማስጠናት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ኡበር ከገባ ወዲህ ገበያው እንዴት እንደሆነ እዚህ ያለነው ሾፌሮች ስለምናውቀው ቁስሉን አልነካውም።

ታክሲው ነፃነት ሰጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ጉባኤ ላይ እንደ ተራ አባል ተነሥቼ፣ ሽማግሌው የጠየቁትን ጥያቄ ራሴ ጠየቅሁ። ተጮኸብኝ። ቤት ኪራዬን ከፍዬ ስለነበር ጩኸቱ አልተሰማኝም። በሚቀጥለው ዓመት ሒሳቡን የውጭ ኦዲተር መረመረው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ያስተምር እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሱ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የመሠዊያ አገልጋይ ከመሠዊያው የመብላት መብት አለው ይላል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ እኔ በዚህ መብት አልተጠቀምሁም ይላል። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ጉባኤ በኋላ ሳነበው ግን፣ ሰውየው የቆሮንቶስን ሰዎች ሊገሥጽ ፈልጎ መርፌውን እንደ ያዘ ገባኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል እንዲህ የማስበው።

ዋጋውስ? ታክሲ ገንዘብ የሚያገኘው ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ነው። ማኅሌት የሚቆመውስ? የበዓሉን ንግሥ እንኳ ለሠራተኛው እንዲመች ወደ ቅዳሜና እሑድ ስለምናዞረው ማኅሌቱ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ይውላል። እኔ ያን ሰዓት ከመጠጥ ቤት የሚወጡ ልጆች እጭናለሁ። ጧት ላይ ድርገት ሊወርድ ሲል እደርሳለሁ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እያለ እንዲህ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በቅዱስ ዮሐንስ፣ በአዲስ ዓመታችን፣ «ዛሬስ አልቀርም» ብዬ ሥራዬን አቋርጬ ሌሊት መጣሁ። መቋሚያና ጸናጽል ሰጡኝ፤ በክብር መካከል አቆሙኝ፤ ተራው ሲደርስ እንድመራ አመለከቱኝ። አፌን ከፈትኩ። መነሻውን አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋ። እንደ ውኃ ነው የጠፋው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከአፌ የማይለይ የነበረ፣ ገዳሪፍ ላይ መርፌ እየሳብኩ የምለው፣ ፓርኪንግ ውስጥ የምለው፣ የለም። ጸናጽሉ እጄ ላይ ቆመ። እዚሁ አሜሪካ የተወለደ፣ አማርኛው እንኳ የሚሰባበር አንድ ዲያቆን ከኋላዬ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ አለልኝ። ያ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ነው። እሱ እንዳለልኝ ተቀብዬ አደረስኩት። ስንጨርስ ወጥቼ ታክሲው ውስጥ ተቀመጥኩ፤ እስኪነጋ አልነዳሁም።

ከዚያ ወዲህ በመኪናዬ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ አላውቅም። ካሴት፣ ኋላም ሲዲ ገዝቼ ከተሳፋሪ ወደ ተሳፋሪ ስሄድ አብሬ እላለሁ። ግማሹ ተመለሰልኝ፤ ግማሹ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አንዲት ተሳፋሪ «ይህ የትኛው ጣቢያ ነው?» ብላ ቁጥሩን ልትጽፍ እስክሪብቶ አወጣች። ጣቢያው ጎጃም ነው፤ ከዚህ አይያዝም አልኳት።

አሁን ስለ ገንዘብ ልናገር፤ ይህን ክፍል የቦርድ አባል የሆናችሁ ሁሉ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜዬ 66 ሲሞላ የጡረታ ወረቀቴ መጣ። ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 40 ነጥብ ይጠይቃል፤ በዓመት ከአራት ነጥብ በላይ ስለማይያዝ ዐሥር ዓመት ማለት ነው። መጠኑን ሲያሰላ ግን ገቢህ ከፍ ያለባቸውን 35 ዓመታት ይወስዳል፤ ዓመቱ ካልሞላ የጎደለውን በዜሮ ይሞላዋል። እኔ ከ1984 እስከ 1991 ስምንት ዓመት፣ ከ1998 እስከ 2019 ሃያ ሁለት ዓመት፣ በድምሩ ሠላሳ ዓመት ተመዝግቦልኛል። አምስት ዜሮ ገባብኝ። በፖስታ የተቀበልኩት ስድስት ዓመት እዚያ ወረቀት ላይ የለም። ባለቤቴ ወረቀቱን ዓይታ «መርዶ ያረዳህባቸው ሌሊቶች ሁሉ ዜሮ ተብለው ተጻፉ» አለች። መንግሥትን አልከስም፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ብቻዬን ከስሼ ልወጣ አልችልም፤ ፖስታውን የተቀበልኩት በገዛ እጄ ነው። ደስ ብሎኝም ነው የተቀበልኩት፤ ያን ጊዜ ያልተቆረጠበት ገንዘብ ሙሉ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ አንድን ሰው ሙሉ ጊዜህን ስጠን ካላችሁት በሕግ ቅጠሩት። የክህነት ማዕርግ ላለው ደግሞ ሕጉ የተለየ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ ሲባል እንደ ግል ሠራተኛ ስለሚቆጠር ቀጣሪው አይቆርጥለትም፤ ራሱ አስታውቆ ራሱ መክፈል አለበት። ይህን ሳትነግሩት ብትቀሩ ሲያረጅ ነው የሚያውቀው። ደመወዙን በየዓመቱ እሱና ሚስቱ በተቀመጡበት አታስጩኹበት፤ ለሦስት ዓመት ወስኑና ዝጉት። ይህንን ማድረግ የማንችል ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ አንችልም፣ ሰውየው ሠርቶ ይደር፤ በሚችለው ሰዓት ያገልግል፤ ሲያረፍድም አትሙት። የሚያስቸግረው ሁለቱን የምንቀላቅልበት ነው፦ ሙሉ ጊዜውን ወስደን ግማሽ እንጀራ የምንሰጠው።

የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ኮሚቴው መልስ ይጠብቃልና፣ የራሴን ልናገር። ሁለተኛ ሕይወት ቢሰጠኝ ያን ስድስት ዓመት እደግመዋለሁ፤ ወለል አላይም እንጂ። ታክሲውንም እነዳዋለሁ፤ ልጆቼን ያስተማረው እሱ ነው። የየኔታን ወንበር ግን እስከ ዛሬ ልወስንበት አልቻልኩም።

አብሮኝ ቅኔ ይቆጥር የነበረ አንድ ጓደኛዬ አልጠፋም፤ ወንበሩን እሱ ተረከበ። እስካሁን ተማሪዎች አሉት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የስልክ ቁጥሩን አግኝቼ ደወልኩለት። ሁለታችንም መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ሳልን። ከዚያ «ከእኔና ካንተ ማን ተሻለ?» ብዬ ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ እሱ ደግሞ በተራው ጠየቀኝ፦ «ታክሲው ውስጥ የተሳፈረ ሰው ከወረደ በኋላ ተመልሶ ያገኝህ ነበር?» አልፎ አልፎ እንጂ አያገኘኝም አልኩት። «እኔ ዘንድም እንደዚያው ነው፤ ተምረው ይሄዳሉ፤ የሚመለስ የለም» አለኝ። የንባብ መነጽር እንድልክለት ጠየቀኝ፤ ላክሁለት።

ልንዘጋ ስንል የፈራሁትን ጠየቅሁት። የኔታ ስለ እኔ ምን ብለው ሞቱ? እሱ ሳቀ። «ምንም አላሉም። አዲስ ተማሪ መጥቶ ‘አስነጋሪው የት ነው?’ ብሎ ሲጠይቅ ግን ‘ቅኔ ቆጠራ ጫካ ሄዷል፤ ማታ ይመጣል’ ይሉ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ እንደዚያው ነው ያሉት» አለኝ።

ጊዜዬን እንደጨረስኩ ከጓዳ በኩል ምልክት እየተሰጠኝ ነው፤ ቡናውም እየሸተተኝ ነው። አንድ ማስታወቂያ ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት በአራት ሰዓት በዚሁ አዳራሽ ፊደልና ንባብ አስተምራለሁ። ክፍያ የለውም፤ እኔም አልከፈልም፤ ጡረታዬ፣ ዜሮዎቹ ቢኖሩበትም፣ ይበቃኛል። አሁን አሥራ አንድ ልጆች አሉ። የምታመጡ ወላጆች እባካችሁ ደብተር አስይዟቸው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉትንም አልቆጣም።